ነፋስ በደጅ

ፑንታ አሬናስ ላይ ነፋስ ሲበረታ
በየመንገዱ ዳር ገመድ ይወጠራል፣
መንገደኛ ይዞት እንዲያልፍ፣ ተገፍቶ እንዳይረታ።
ቆርቆሮው ይጮኻል፣ የወደቡ መብራት ይወዛወዛል፤
ነፋስ እዚህ አገር የቤት ልጅ ነው፣
ሳያንኳኳ ገብቶ ሳይሰናበት ይሄዳል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ናሁዌል ጠራኝ፣ ተለማማጁ ሐኪም፣
ድምፁ ይሰበራል፣ አንድ ቦታ አይቆም፦
«ዶክተር ያድራንካ፣ ቶሎ ይድረሱልኝ፣
ጉበቷ ውስጥ አየር! ቢላው ይዘጋጅ? ይንገሩኝ።»

አየሁት።
ግራጫው ጉበት ላይ ጥቁር ዛፍ በቅሎ፣
ቅርንጫፉ ቀጥኖ እስከ ዳር ተስሎ።
የሐሞት አየር ቢሆን መሃል ይሰፍር ነበር፣
ይህን ግን ደም ገፍቶት ደርሷል ከጉበት ድንበር።
በሩ እንላታለን ያቺን ወፍራም ደም ሥር፣
ከአንጀት የተገኘው ወደ ጉበት ሲያልፍ በሷ ነው የሚሻገር።
ነፋስ ግን ምን ቆርጦት፣ በማን ፈቃድ ገባ?
የቱ አጥር ፈርሶ ነው በር ላይ ያደባ?

ተማሪ ሳለሁ፣ መምህሬ ዶን ኤቫሪስቶ
ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ፣ መነጽሩን አውልቆ፣
«ይህን ዛፍ ያየ ሰው» ይለን ነበር፣
«አንድ እጁ ቢላ ይያዝ፣ አንድ እጁ ቄስ ይጥራ።»
እውነት ነበረው። ያኔ ዛፉ የሚታየን
አንጀቱ ከጠቆረ፣ ነገሩ ካለቀ ወዲያ ነው።
ዛሬ የመሣሪያው ዓይን ስሏል፤
ገዳይ ያልሆነውን ቅንጣት ነፋስ ሁሉ ለቅሞ ያሳየናል።
ፍርሃታችን ግን የድሮው ነው።

የአንድ ሰው ዕዳ አለብኝ። ኤርሜሊንዶ ይባላል።
ሸርጣን አጥማጅ፤ ከጀልባው ወርዶ ሆዴ ተነፋ ብሎ የመጣ።
ዛፉን አየሁ፤ ሆዱን በቅጡ አልዳሰስኩም።
ከደረቱ ሥር እስከ እምብርቱ ግርጌ ከፈትኩት።
አንጀቱ ቀይ ነበር፣ እርጥብ፣ እንደ ዓሣ የሚላወስ።
የምቆርጠው አጣሁ። ሰፋሁት።
በዘጠነኛው ቀን በሳንባ ምች ሞተ።
ነፋሱ አልገደለውም።

«ናሁዌል፣ ፎቶው ይቆይ። ሴትዮዋ የታለች?»
ዞራይዳ፣ ስድሳ ስምንት ዓመቷ፣
የጀልባ ትኬት ስትቆርጥ ኖራ ጡረታ የወጣች፤
ሁለት ቀን ሙሉ አስመልሷታል።
መዳፌን አሙቄ ሆዷ ላይ አኖርኩት፤
እንደ ከበሮ ተነፍቷል፣ ግን ለስላሳ ነው ስጫነው።
የደሟን ላክቴት ጠየቅሁ፦ አንድ ነጥብ አራት።
የልቧ ምት የረጋ፣ ትኩሳትም የላት።
«ውሻዬን ማን ያበላልኝ?» ትላለች።
ሊሞት ያለ ስለ ውሻ አይጠይቅም ልል ነበር፤
ይጠይቃል። ስንቱን ሰምቻለሁ።
ፎቶውን ደግሜ አገላበጥኩ፦ አንጀቷ ደም ያገኛል፣
ጨጓራዋ ነው ከልክ በላይ ተወጥሮ ነፋሱን ያሾለከው።

ቱቦ በአፍንጫዋ፤ ሁለት ሊትር አረንጓዴ ወጣ።
ፈሳሽ በክንዷ፣ ጸረ ባክቴሪያ፣ ምግብ ክልክል።
ከዚያ ከባዱ ሕክምና መጣ፦
ወንበር ስቦ መቀመጥ፣
በየሰዓቱ ሆዷን ደግሞ መዳሰስ።
«ምንም ሳንሠራ?» አለኝ ናሁዌል።
«ነፍስንና ነፋስን የምትለይ አንዲት ፊደል ናት፤
ፎቶ አያነባትም፣ መዳፍ ነው የሚያነባት።»

ሲነጋጋ ዛፉ ከስሞ፣ ዞራይዳ ውሃ ለመነችን።
ደስ ሳይለን ስልኩ ጮኸ።
ሦስተኛ ፎቅ። ቲቡርሲዮ፣ ልቡ ምት የሚስት ሽማግሌ።
ያው ዛፍ፣ ያው ቅርንጫፍ፣ ያው ዳር።
ናሁዌል ተረጋግቶ ወንበር ሊስብ ዞረ፤
ትናንት የተማረው ትምህርት ገና አልበረደም።
«መጀመሪያ እጅህን» አልኩት።
አኖረው። እንጨት ነው።
ላክቴት ዘጠኝ፤ ግንባሩ ላይ ቀዝቃዛ ላብ።
«ምን አለህ መዳፍህ?»

አልመለሰም፤ አልጋውን እየገፋ ሮጠ፣
ወደ ቀዶ ጥገናው በር፣
እኔም ውጭ እንዳለው መንገደኛ ሁሉ
የአልጋውን ብረት እንደ ገመድ ይዤ
ነፋሱን ተከተልኩት።